ሰሌዳ የሚወለውለው ሰው

ሐሙስ ሐሙስ ከቪዲን ከተማ ወደ መንደሩ ከሚመጣው አውቶቡስ ይወርዳል። ካፖርቱ ያረጀ ነው፤ ክራቫቱ ግን ምንጊዜም ሥርዓቱን እንደጠበቀ ነው። ስሙን የሚያውቅ የለም። ጾንካ ባኒጻ የሚባለውን አይብ ያለበት ጥቅል ጋግራ ከምትሸጥበት ሱቅ መስኮት ሆና ታየዋለች። በቀጥታ ወደ ተዘጋው የአረጋውያን መዋያ ይሄድና መሐረቡን አርሶ በሩ ላይ ያለውን የለጋሾች ሰሌዳ ይወለውላል። ከዚያ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ያልተገፈፈውን ትልቅ ምድጃ ያያል።

ዛሬ ባኒጻ ሊገዛ ሲመጣ አላስቻላትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰሌዳው እኮ በውልወላ አለቀ!»

«አምስት ዓመት ጸድቶ እንዲነበብ የለጋሾቹ ደንብ ያዛል፣ እትዬ።»

«ደንብ! እርዳታውን የጠየቀው ሰውዬ መጀመሪያ ጭንቅላቱን ይወልውል! ለምድጃ ለምኖ የወጥ ቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ይረሳል?»

ሰውየው ባኒጻውን ሳይቀበላት እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አልረሳም። ለጋሾቹ ለሕንጻ እንጂ ለደመወዝ አንሰጥም አሉ። እሱም ደመወዙን መንደሩ ይከፍላል ብሎ ጻፈላቸው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ያኔ መንደሩ ሰው ነበረው።»

ጾንካ ጭር ወዳለው መንገድ ተመለከተች። የመዋያውን ምረቃ ባኒጻ የጋገረችው እሷ ናት፤ ሪባኑ የተቆረጠበትን ቀን አልረሳችውም። ባኒጻውን አንሥታ በሌላ ወረቀት ደረበችለት፤ እንዳይቀዘቅዝበት።

«አምስት ዓመቱ እኮ ካለፈ ቆየ፣ ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አለና እርጥቡን መሐረብ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።