የሞተር ከረጢትና የሙሽሪት ቀሚስ

የልጅ ልጄ የተዳረችው በፈረንጆች 2006 ክረምት ላይ ነው። ከሰርጉ ይልቅ ግን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ሱቅ ውስጥ ያደረግሁት ነገር ነው ቶሎ ትዝ የሚለኝ። ባሰብሁት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ረሖቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር ነው። ሙሽሪት ያለችው ሩቅ፣ ጽፋት ነው። ቀሚሷ ከጎንደር በሰው እጅ ሲመጣ ዘገየና ለሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀር እኛ ቤት ደረሰ። እኛን የሚወስደን አውቶቡስ የሚነሳው በሰርጉ ዕለት ነው። ቀሚሱ ግን ቀድሞ ደርሶ በልኳ መጥበብ አለበት። ያለን የልጄ የዳዊት ሞተር ብቻ ነው።

ዳዊት፣ «ቤሰደር አባ፣ ነገ ጠዋት አደርስላታለሁ» አለ፤ ቤሰደር እሺ ማለት ነው።

እኔ ግን ሆዴ አልቆረጠልኝም። ከሞተሩ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉት ቦርሳዎች ዝናብ ያስገባሉ። ነጭ ቀሚስ፣ ያውም ባለ ቀይ ጥለት፣ ውሃ ከነካው ቀዩ ነጩ ላይ ይሄድና አለቀለት። ይህን ስለው፣ ቦርሳው ውስጥ የሚገባ ውሃ የማያስገባ ከረጢት እንደሚሸጥ ነገረኝ። አብሬህ እሄዳለሁ አልሁት።

የሞተር ዕቃ ሱቅ ሄድንና ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ዚፕ፣ ውድ። ሌላው ጥቁር፣ አፉ ተጠቅልሎ የሚታሰር፣ መልኩ የማያምር። ሻጩ ውዱን አመሰገነ፤ የዳዊትም ዓይን እሱ ላይ ቀረ።

እኔ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አገር ቤት አባቴ ሲቀጠቅጥ እሳቱን በወናፍ የማናፋው እኔ ነበርሁ። ወናፉ የፍየል ቆዳ ነው፤ በሰፋነው ቁጥር በአየር እንሞላና አፉን ይዘን ስፌቱን ወደ ጉንጫችን እናስጠጋለን። ትንፋሽ ካመለጠ ጉንጭ ያውቃል።

ብዙም አላሰብሁበት። ውዱን ከረጢት አንስቼ በአፌ ነፋሁት፤ ዚፑን ዘጋሁና ጉንጬ ላይ አድርጌ ጨመቅሁት።

ሱቅ ውስጥ ያሉት ጎረምሶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዱ፣ ሳባ ፊኛ ሊገዛ መጥቷል አለ፤ ሳባ ማለት አያት ነው። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዳዊት እያፈረ፣ «አባ በሞቴ ተወው፣ ሰው እያየን ነው» አለኝ።

«ቆይ ልጄ፤ ጉንጭህን አምጣ» አልሁት።

ጎንበስ አለ። ከስፌቱ የወጣው ንፋስ ፊቱን ሲነካው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጥቁሩን ነፋሁ። ዳዊት በሁለት እጁ ቢጨምቀው፣ ሻጩ በክርኑ ቢጫነው፣ ምንም አልተነፈሰ። ሻጩ የውዱን ስፌት በራሱ ጉንጭ ሞክሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ከየት እንደተማርሁም በዳዊት በኩል ጠየቀኝ። ከአባቴ በለው አልሁ።

ጥቁሩን ገዛን። ቀሚሱን አጣጥፌ አፉን ያሰርሁት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ዳዊት ሲሄድ ዝናቡ መንገድ ሙሉ አልለቀቀውም። እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፤ ሙሽሪት ናት።

«አባባ፣ አጎቴ ጫማው ውስጥ ሳይቀር ውሃ ሞልቷል። ቀሚሴ ግን ደረቅ ነው፤ ይኸው ለብሼው ነው የማወራዎት» አለችኝ።

እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ሁሉን የሚያሳየኝ ልጄ ነው፤ ባንኩንም፣ የሐኪሙን ወረቀትም። ለምጄው ነበር። በሰርጉ ዕለት ግን ዳዊት ለሚዜዎቹ ነገሩን ሲያወራ፣ «አባቴ ነው የመረጠው» ሲል ከኋላው ሆኜ ሰማሁት። ያ ደስታ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።