እንጅባራ ስልክ አታነሳም አሉ

ሰኞ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። መኪናዋ አዲስ ናት፤ በሯ ላይ የገዛን ትልቁ ድርጅት አርማ ተለጥፏል። እስከ አምና ድረስ ከሰል አምራችን ከጭነት መኪና የምናገናኝ፣ በአንዲት ክፍል የምንተፋፈግ ጥቂት ልጆች ነበርን። ዛሬ ባጅ አንጠልጥለናል፤ ደሞዛችንም በቀኑ ይገባል። አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር የእንጅባራ ቢሯችንን ስልክ አያነሳም ብሎ ከሰሰው። ስለዚህ ቢሮው ተዘግቶ ሥራው አዲስ አበባ ወዳለው የጥሪ ማዕከል ሊሄድ ነው፤ ብቻዋን ይዛው የኖረችው ጥሩወርቅም ልትሰናበት ነው። ብጽፍ ባስረዳ የሚገባው ሰው ጠፋ። በመጨረሻ አቶ ሄኖክ የሚባሉ አለቃ "በዓይኔ ልየው" ብለው መጡ። አሁን ከጎኔ ያንቀላፋሉ።

ረፋድ፣ ዳንግላ

ትኩስ ፍርፍር በሻይ። በርበሬው አቶ ሄኖክን አስለቀሳቸው፤ መብላቱን ግን አላቆሙም። ሹፌራችን አለሙ "ቆሰበር ይበርዳል፣ ጃኬት ይዘዋል?" አላቸው። እንጅባራ አይደለም ወይ የምንሄደው ብለው ደነገጡ። አንድ ከተማ መሆኑን እስክናስረዳቸው ሻዩ ቀዘቀዘ።

እኩለ ቀን፣ አዲስ ቅዳም

ግራ ቀኙ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ነው። ከማሳው ጭስ ይወጣል፤ መንገድ ዳር ጆንያ ተደርድሯል። ጆንያቸው ላይ የተቀመጡትን ጋሽ ፈንታን አቶ ሄኖክ ጠየቋቸው፦ የእንጅባራ ቢሮ ስልክዎን ያነሳል?

"ምን በወጣው! ካነሳውማ ሂሳቤን ይበላብኛል" አሉ ጋሽ ፈንታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሉ ከደረሰ አንዴ አስጠርቶ መዝጋት፤ መኪና ይመጣል። ዝናብ ይዞት ገና ከሆነ ሁለቴ። ጥሩወርቅ የሁሉንም ቁጥር ከነመንደሩ መዝግባዋለች፤ ወሬ አያስፈልግም። አቶ ሄኖክ መኪና ውስጥ ገብተው "ይሄ አሠራር አይባልም" አሉ። 

ከሰዓት፣ እንጅባራ

ጉም ወርዷል። ባጃጆች ጭቃ ይረጫሉ፣ ፈረሶች በር ላይ ታስረዋል። ጥሩወርቅ ጋቢዋን ደርባ ተቀበለችን። ገና ሳንቀመጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ፤ አቶ ሄኖክ ልማድ ሆኖባቸው አፈፍ አደረጉት። "ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?"

ከወዲያ አዊኛ እንደ ጎርፍ ወረደ። ቀጥሎ በአማርኛ "ማነህ አንተ? ጥሩወርቅን ምን አገኛት?" የሚል የተደናገጠ ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ። አለቃችን ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለጥሩወርቅ አቀበሏት። ሰውየውን በአዊኛ አረጋግታ ዘጋችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስልኩ ሲነሳ የሞተች መስሎት ነው። አቶ ሄኖክም ጭምር ሳቁ።

ሳቋ ሲበርድ ግን እንዲህ አለቻቸው፦ "አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ያነሱታል፤ አይካድም፣ ጎበዞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ግን አንዴ ከተነሳባቸው ተመልሰው አይደውሉልዎትም።"

አቶ ሄኖክ ያቀረበችልንን ቅቅል ድንች በአዋዜ በሉ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ዓርብ ስብሰባ እንዳለ፣ ቃል ግን እንደማይገቡ ነገሩኝ። "የሆነውን አሳውቅሃለሁ" አሉ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ባሕር ዳር

ከተመለስኩ ቀናት ቢያልፉም ልቤ እንጅባራ ቀርቷል። ስልኬ ጠራ፦ አቶ ሄኖክ። ላነሳው እጄን ስሰድ ተዘጋ። መልሼ ልደውል ብዬ ተውኩት። ሁለቴ ከሆነ ገና ነው ብዬ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ያን ጊዜ ብቻዬን ሳቅኩና ወደ ጥሩወርቅ ደወልኩ። አንዴ ጠራ፣ ዘጋሁት።