በቃ ባይ ያጣ ደረቆት

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ለባላቸው ተዝካር ጠላ ሊጠምቁ ጠላውን የሚያጠቁረውን የገብስ ደረቆት ያምሱ ነበር። ጠላቸው በጥቁረቱ ዳባት ሁሉ ያውቀዋል፤ የአመሳውን ልክ የሚያውቁት ግን ሟቹ አቶ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ። ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሽታው ሲደርሳቸው፣ «በቃው፣ አውርጂው» ይሉ ነበር።

ዛሬም እጃቸው እስኪዝል እያማሰሉ ሳያውቁት ያን ድምፅ ጠበቁ። ገብሱ ከሰለ።

ጎረቤታቸው ኤልሳቤጥ ጭሱን አይታ ገባች።

«እትዬ፣ ቄሶቹን ከሰል ሊያጠጧቸው ነው?»

«በቃ የሚለኝ አጣሁ፣ ልጄ።»

ኤልሳቤጥ የከሰለውን አውጥታ ደፋች፤ ከቤቷም አንድ ቁና ገብስ አመጣች። ከዚያ ወጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ያምሱት እንግዲህ፤ ሲሸተኝ እጠራዎታለሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የዛለ ክንዳቸውን አሻሽተው ምጣዱን እንደገና ጣዱ።