አንተንስ ገባህ?

ዛሬ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሴት ተልባ ስትቆላ ሽታው ያዘኝና ቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሰኞ፣ አመሻሽ ላይ ነበር። እናቴ ተልባ ትቆላለች፤ የነፍስ አባታችን መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ጎረቤታችን ከሆነው ታላቅ ወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተኳርፎ ከርሟል።

«እንግዲህ ጾሙ ገባ፣ አባታችን» አላቸው፣ የዕርቁን ጨዋታ ለመቀየር።

«ገባ እንጂ! ደባርቅም ገባ፣ ዳባትም ገባ። አንተንስ ገባህ?»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ግን ሳይስቅ ተነሥቶ ወደ አጎቴ ደጅ ሄደ። ከበራችን ሆኜ አየዋለሁ። አጥሩ ሥር ሲደርስ ውሻው ጮኸ፤ አጎቴ ወጥቶ ገሠጸው። ወንድማማቾቹ በአጥሩ ላይ ተያይተው ቆዩ። ከዚያ አባቴ ተመለሰ።

«ምን አለህ?» አሉት አባ።

«የተናገረው ውሻውን ነው፤ እኔን ምንም አላለኝ።»

አባ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም፣ ልጄ። ነገም ሂድ።»

ሁለቱ ወንድማማቾች አርጅተዋል፤ ዘንድሮም ይጾማሉ። አባቴ ሲመሽ እስከ አጥሩ ሄዶ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን አጎቴ ቀድሞት ወጥቶ፣ ቆሞ ይጠብቀዋል። እስካሁን የተናገረ የለም።