ጓጉንቸሩ የተሰበረ ቀን

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የዕቃ ማከማቻ ዘበኛ ነበር። ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው የቁልፍ ዘለላ ከሩቅ ስለሚሰማ ሰፈሩ «ጋሼ ቁልፍ» ይለዋል። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ሲለቅ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለተረኛው ያስረክባል። ተረኛው ቀልደኛ ነው። «እርስዎ እኮ ገነት ደጃፍ ቢደርሱም ጴጥሮስን ቁልፍ ያስቆጥሩታል» ይለዋል። አባቴ አይስቅም፤ ከሳቀ ቆጠራው ይጠፋበታል።

ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው እናቴ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ወጥ ውስጥ ጨው መጨመሯን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ከዚያ እኛን። ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥታ ጠፋች፤ በሁለተኛው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአስፋልቱ መሀል እጇን ይዞ አመጣት። የምኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ ደውዬ፣ እኔ ጋ ትምጣ፣ ካልሆነም አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እንፈልግላት አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ልጄ፣ እናትሽን የተረከብኳት በእግዚአብሔር ፊት ነው» አለኝ። «ለእሷ ተረኛ የለኝም።»

«እንግዲያው ቆልፈህባት ሂድ» አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ።

ጓጉንቸር ገዝቶ በውጭ በኩል ይቆልፍ ጀመር። ለብቻው ከሆነ ይጠፋብኛል ብሎ የቤቱን ቁልፍ ከመሥሪያ ቤቱ ቁልፎች ጋር በዘለላው አስገባው፤ ሲያስረክብ አውጥቶ ኪሱ ይከተዋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እኩለ ቀን ላይ በመስኮት እንድታናግራት ለመናት። ጠዋት ሻይ አፍልቶ ካጠጣት በኋላ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ይነቅላል፣ ቢላውን ቁም ሳጥን አናት ላይ ያስቀምጣል፣ ይቆልፋል፣ ጥቂት ሄዶ ይመለስና ጓጉንቸሩን ይጎትተዋል። ሥራ ቦታው በር ላይ ቆሞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩት ከራሱ ጋር የሚያወራ ይመስላቸው ነበር። ይጸልያል እንጂ አያወራም። ልመናውም አንድ ነው፤ «እኔ እስክደርስ አንተ ጠብቃት።»

አንድ ማክሰኞ ሥራ ላይ እንዳለ ምድጃውን መንቀሉን ማስታወስ አቃተው። ነቅያለሁ ሲል እጁን ያምነዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያ የትናንቱ ይሆናል ይላል። ለልብስ ሰፊዋ ቢደውል አታነሳም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ዘለላውን ለተረኛው ሰጥቶ በሩጫ ወጣ። በሃያ ሁለት ዓመት ሳይቆጥር ያስረከበው ያን ቀን ብቻ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ኪሱን ዳበሰ። የቤቱ ቁልፍ የለም፤ ከዘለላው ሳያወጣው ቀርቷል። ወርዶ ቢመለስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። አልወረደም። የቀረውን መንገድ ሁሉ በመስኮቱ ጭስ ይፈልግ ነበር።

ጭሱን ያገኘው በራችን ሥር ነው። ቀጭን ነው፣ የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ስሟን ደጋግሞ ጠራ። የአጥሩን ድንጋይ ነቅሎ ጓጉንቸሩን ይመታው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ሰምታ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ብቅ አለች፤ ስልኳ የጨርቅ ክምር ሥር ተቀብሮ ኖሯል።

«ጋሼ ቁልፍ፣ ዛሬ ደግሞ ሌባው እርስዎ ሆኑ?» አለች። ፊቱን ስታይ ግን ሮጣ ብረት አመጣችለት። እናቴ እኩለ ቀን ላይ ደህና እንደነበረች ደጋግማ እየነገረችው አብረው ፈለቀቁት።

እናቴ በሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ተጫምታለች። ከኋላዋ ምድጃው ላይ የወደቀው ፎጣ ጠቁሮ ይጨሳል። ቀና ብላ አየችው።

«ዘበኛው እርስዎ ነዎት?» አለችው። «ክፈቱልኝ እያልኩ ስማጸን ዋልኩ እኮ። ባለቤቴ ሥራ ውሎ ሲመጣ ደጅ ወጥቼ ነበር የምቀበለው።»

አባቴ ምድጃውን ነቀለ፣ መስኮቱን ከፈተ። ከዚያ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጫማዋን አስተካከለላት። ይህን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እሱ ስለ ጫማው አንድም ቀን አላነሳም።

በማግስቱ እጇን ይዞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ቀረበ። ኃላፊው ደንብ አለ፣ መኪና ይገባል ይወጣል፣ አደጋ ቢደርስስ እያለ አመነታ። አባቴ ክርክር አያውቅም።

«ቤቴን ሚስቴ ላይ ቆልፌ የእርስዎን ስጠብቅ አምላኬ ምን ይለኛል? ወይ ሁለታችንም እንግባ፣ ወይ ቁልፍዎን ይረከቡኝ» አለ።

ለሙከራ አንድ ወር ተባለ። ሆኖም እሷ እስካረፈችበት ቀን ድረስ አስራ አራት ወር የዘበኛ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር፤ የእሷ ግድግዳው በኩል፣ የእሱ በሩን ዘግቶ። ስጋቱ ያኔም አልለቀቀውም። መኪና ጡሩንባ በነፋ ቁጥር በሩን ከመክፈቱ በፊት ዘወር ብሎ ያያታል። ስምንት ሰዓት ሲሆንም መጀመሪያ እጇን ይይዝና፣ በሌላው እጁ ቁልፎቹን ይቆጥራል።

አንድ ቀን ተረኛው እንደ ልማዱ፣ «እሳቸውንስ አያስረክቡኝም?» አለው።

«እሷን በእግዚአብሔር ፊት ፈርሜ ነው የተረከብኳት» አለ አባቴ፤ ይዟት ወጣ።