ነጠላ አልባሹ አገኘሁ እና የኑሪ መነጽር

ሸማ ተራ ከድሩ ይልቅ ወሬው ይረዝማል። እዚህ ያስነጠሰ ሰው፣ ወሬው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲደርስ ሳንባው በስብሷል፤ ድልድዩን ሲሻገር ተቀብሯል። ስለዚህ «አገኘሁ በስተርጅና ባለገ» ሲባል ግማሻችን አላመንንም፤ ግማሻችን ደግሞ ትንሽ ቅመም ጨምረን አሳለፍነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። የሰውየው ዓይን እየጠፋ ነበር።

አገኘሁ ከጎጃም የመጣው በልጅነቱ ነው፤ አጎቱ ሱቅ ውስጥ አድጎ፣ አጎቱ ሲሞት ሱቋን ወረሰ። ጠባብ ናት። ሁለት ወፍራም ደንበኞች ከገቡ ሦስተኛዋ እነሱ እስኪከሱ ደጅ ትቆማለች። ነጠላና ጋቢ የሚሸጥማ በየበሩ ሞልቷል፤ አገኘሁን ሰው የሚፈልገው ለማልበሱ ነው። ሴትዮዋን ፊት ለፊቱ ያቆማል፣ አንገቱን እንደ ምሰሶ ያደርቃል፣ ከዚያ ነጠላውን አንዴ ወርወር፣ አንዴ ጎተት። በቃ። አጎቱ ሲያስተምረው «አንገትህ ከተነቃነቀ ነጠላውም ይጣመማል» ብሎት ስለነበር፣ ሲያለብስ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እንኳ አይነቃነቅም። እሱ ያለበሳት ሙሽራ ነጠላዋ ከድንኳኑ እስከ መልሱ ከትከሻዋ አይንሸራተትም። ባሏ ሊንሸራተት ይችላል፤ ነጠላው ግን አይንሸራተትም።

ዓይኑ የከዳው ቀስ በቀስ ነው። ሐኪሙ ከዓይኑ ኋላ ያለው ጅማት እየደረቀ መሆኑን፣ የደረቀው እንደማይመለስ ነገረው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ጥቂት ያያል፤ ጥላ ሲገባ ዓለም የተቋጠረ ጆንያ ትሆንበታለች። ሱቁ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከተሰቀለ ጋቢ ሥር ነው፤ እኩለ ቀን ላይም ይጨልማል። መብራት ሲጠፋማ አይወራም።

ለማንም አልተናገረም። በእጁ መሥራት ጀመረ። ጥለቱ ከሸማው ሻከር ስለሚል ጣቱ ያገኘዋል። ችግሩ፣ ነጠላው ሴትዮዋ ላይ ካረፈ በኋላ ጥለቱን ለማግኘት ትከሻና ደረት መዳሰስ ነበረበት። አንዷ ደንበኛ እጁን በጥፊ አለችው። ይህን ያየው የጎን ሱቁ ጥጋቡ ነው፤ ጥጋቡ አየ ማለት ሬዲዮ ተከፈተ ማለት ነው።

ሚስቱ በለጥሻቸው ብቻ ነገሩን ታውቅ ነበር።

«ባለጌ መባል ይሻልሃል ወይስ ዕውር?» አለችው።

«ባለጌ ካሉኝም አይመጡም፣ ዕውር ካሉኝም አይመጡም።»

«እንግዲያ ምረጥ።»

«ባለጌው ይሻላል። ቢያንስ ጉልበት አለው ይሉኛል።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አገኘሁ ሱቋን ካጣ ሌላ ምንም እንደማያውቅ፣ ሌላ ምንም ለመማርም ቀኑ እንደመሸበት ነገራት። ያኔ አልሳቁም።

ኑሪ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኑሪ ከሸማ ተራ አለፍ ብሎ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ የስልጤ ልጅ ነው፤ ለእናቱ ሁልጊዜ ከአገኘሁ ይገዛል። አንድ ቀን አገኘሁ ገና ያላያትን ጉድጓድ ሊገባባት ሲል ኑሪ ክንዱን ያዘው፤ ዓይኑ እንደማያይ ያኔ ተረዳ። ለማንም አልነገረም፤ መርካቶ ውስጥ ይህ ትልቅ ጽድቅ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ ኢንተርኔት በጠፋበት በዚያ ዓመት፣ ከዱባይ ከመጣለት ዕቃ ውስጥ አንድ ጥቁር ሣጥን መሳይ መነጽር ይዞለት መጣ።

«ጭስና ጉም ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች የተሠራ ነው፣ ጋሼ» አለው። «ፊቱ ላይ ካሜራ አለው፣ ውስጡ ስልክ ይሰካል። ጨለማውን ያበራልዎታል፤ ደግሞ የነገሩን ጠርዝ ሁሉ በአረንጓዴ መስመር ያሰምርልዎታል። ዕቃው ራሱ እውነተኛው ነው፣ መስመሩ ብቻ የስልኩ ነው።»

«እኔ ጉም ውስጥ ነው ያለሁት ማለትህ ነው?»

«ታዲያ የት ነዎት?»

አጠለቀለት። አገኘሁ ወደ ጎን ዞሮ፣ «ጥጋቡ፣ እንዴት አርጅተሃል ጃል» አለ። ጥጋቡ ፊቱን በመዳፉ ዳሰሰ።

ቤት ሲገባ በለጥሻቸውን አያት፤ አረንጓዴ መስመር ዙሪያዋን ከቧት፣ እንደ ሥዕል።

«ጥርስሽ የት ሄደ?»

«አንተ ሳታይ በላሁት» አለችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ለደንበኞች «ሐኪም ያዘዘው ነው፣ አዋራ እንዳይገባብኝ» ይላል። ተራው «ጠላቂው» የሚል ስም አወጣለት፤ ባሕር ሳይኖረው የጠለቀ ሰው። ግን ሴቶቹ ተመለሱ። እጁ ማንንም ሳይነካ፣ ነጠላውን በጣቱ ጫፍ ብቻ ይዞ፣ አረንጓዴዋን መስመር እያየ ያለብሳል። የባለጌው ወሬ ሞተ። ከእሱ ጋር ሌላም ነገር ሞተ፦ አገኘሁ እጁን ጡረታ አወጣው። ጥለት መዳሰስ ተወ። ጣቱ ባሳፈረው ነገር ላይ ዳግመኛ ሊያምነው አልፈለገም።

ኑሪ አስጠንቅቆታል። «ሲግል አውልቀው ያሳርፉት። አንዳንዴ ምስሉ ይደርቃል፤ ያለፈውን እያሳየ ይቆማል። ራስዎን ነቅነቅ ያድርጉ፤ ምስሉ አብሮ ካልተነቃነቀ ደርቋል ማለት ነው።»

ራስዎን ነቅነቅ ያድርጉ። ይህን የሚለው ለማን ነው? ሲያለብስ አንገቱ ምሰሶ ለሆነ ሰው።

ጥር ገባ፣ ሠርግ ሆነ። ቦሰና ልጇን አመተ ሥላሴን ይዛ መጣች። ቦሰናን ራሷን በሠርጓ ያለበሳት አገኘሁ ነው፤ ስለዚህ ለልጇም ሌላ ሰው አላሰበችም። የቦሰና ባል በኩላሊት ተኝቷል። ሠርጉ የተቻኮለው እሱ በዓይኑ ይየው ተብሎ ነው። ይህን ተራው ሁሉ ያውቃል፤ እኛ የማናውቀው ሕመም የለም።

«ጋሼ አገኘሁ፣ እንደኔ አድርገው ያልብሱልኝ» አለች ቦሰና።

«እንዳንቺማ አይሆንም። አንቺ ያኔ ስታለቅሺ ነጠላውን በንፍጥ አበላሽተሽብኛል።»

አመተ ሥላሴ ሳቀች። አገኘሁ ፊት ለፊቱ አቆማት፣ አንገቱን አደረቀ፣ ሰፊውን ባለወርቅ ጥለት ወደ ታች አፍስሶ አለበሳት። አማረባት። ሁላችንም በበሩ አየናት።

«በግራ በኩል ትንሽ ይርዘም፤ አንዴ አውልቀው እንደገና» አለች ቦሰና።

ነጠላውን ሊያነሣ እጁን ሳይዘረጋ መብራት ጠፋ። ሱቁ ጨለመ፤ በበሩ ከሚገባው ጭላንጭል በቀር። አገኘሁ አልደነገጠም፤ መነጽሩ ጨለማ አያውቅም። ግን መነጽሩ ከጠዋት ጀምሮ ከፊቱ አልወረደም ነበር፣ ግሏል። ምስሉ ደረቀ። ከነጠላው መውለቅ በፊት ያለችው አመተ ሥላሴ፣ ጥለቷ ወደ ታች የፈሰሰ፣ በአረንጓዴ የተከበበች፣ ዓይኑ ፊት ቆማ ቀረች።

እጁ ይሠራል፤ ምስሉ ውስጥ ግን የእሱ እጅ የለም። ይህን ማየት ነበረበት። አላየም። ያየው ያማረችውን ሙሽራ ነው፤ ያማረ ነገር ደግሞ ማንም አይመረምርም። ያወለቀው ነጠላ በጣቱ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ነበር። ወረወረው፣ ጎተተው። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ለቀስተኛ እንደምታደርገው ነጠላዋ ተዘቀዘቀ።

«አየሽ ጥለቱ እንዴት እንደወረደ» አለ አገኘሁ፤ ረክቷል።

በጭላንጭሉ ያየነው፣ ሙሽሪት የሐዘን ልብስ ለብሳ መስተዋት ፊት መቆሟን ነው። ወሬ የማያልቅበት ጥጋቡ እንኳ መሬት መሬቱን አየ።

«ጋሼ አገኘሁ» አለች ቦሰና ቀስ ብላ፣ «ለማን ለቅሶ ነው የሚያለብሷት?»

አገኘሁ ያኔ ራሱን ነቀነቀ። ምስሉ አልተነቃነቀም። መነጽሩን አወለቀ፤ ጆንያው ጠበቀው። እጁን ዘርግቶ የልጅቱን አንገት ፈለገ፤ ጥለቱን አገኘው፣ ሻካራውን። እጁን መለሰና ኪሱ ከተተ። ቦሰና ነጠላውን ከልጇ ላይ ገፍፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው፣ ልጇን ይዛ ወጣች። አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር።

አባትየው ሠርጉን አላየም። ከሠርጉ በፊት ሞተ።

ተራው ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልግም። «አስቀድሞ አለበሳት» ተባለ። አንዳንዱ ዓይኑ መጥፋቱን ሰምቶ አዘነለት፤ ያዘነለት ሁሉ ደግሞ ከሌላ ሱቅ ገዛ።

ኑሪ መነጽሩን ሊያስተካክል መጣ። «ኢንተርኔቱ ሲለቀቅ አድሰዋለሁ፣ አይደርቅም» አለ። «ደግሞ ሰውየው በኩላሊት ነው የሞተው፣ ጋሼ። በነጠላ አይሞትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ባውቅ ምን ይሠራል? ቦሰና ያየችው ነጠላውን ነው» አለና ሣጥኑን እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ለእናትህ ስጣት። እሷ ማንንም አታለብስም።»

ቦሰና ከለቅሶው በኋላ ሸማ ተራ መጣች፤ የሐዘን ነጠላዋ ሳስቷል፣ ሌላ ፈልጋ። አገኘሁ በባዶ ሱቁ በር ተቀምጧል። በድምፅዋ አወቃት፤ አልጠራትም። ጥጋቡ ጋ ገባች። ጥጋቡ በልማዱ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ጣል አደረገላት።

«አዘቅዝቀው እንጂ» አለችው።

ቃሉ ግድግዳውን አልፎ አገኘሁ ጋ ደረሰ። ያን ቀን ገና ሳይመሽ ሱቁን ቆለፈ፤ ዳግመኛ አልከፈተውም።

አሁን አማኑኤል ሰፈር ቤቱ ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ በለጥሻቸው ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ነጠላዋን ይዛ ፊቱ ትቆማለች፤ እንዳይቦዝን ብላ ነው፣ ራሷን ማልበስ አቅቷት አይደለም። እሱም አንገቱን ያደርቃል። ነጠላውን ይቀበላታል። ከዚያ ይቆማል።

«ጥለቱ በየት ነው?» ይላታል።

«እጅህ ላይ።»

«በላይ ነው በታች?»

«አገኘሁ፣ ጣትህ እየነካው እኮ ነው።»

ጣቱ ሻካራውን ጥለት ወዲያ ወዲህ ይዳስሳል። ያ ጣት ድሮ በጨለማ ስቶ አያውቅም ነበር።

«አንቺው ንገሪኝ» ይላታል። «በላይ ነው በታች?»