ከወሊሶ የመጣው ድምፅ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መግደፉን ሁሉ እዘረዝርና እዚች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር፤ ፊቴን አታዩትም።

ሞባይል ያልመጣበት ዘመን ነበር። መካኒሳ አቦ ሰፈራችን ስልክ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። የእኛ ደግሞ አጎቴ ከጅቡቲ ያመጣው ማሽን ነበረው፤ ሰው ከሌለ የደዋዩን ድምፅ በካሴት ይቀዳል። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ውስጡን በጥጥና በአልኮል እጠርጋለሁ፣ የላላውን ካሴት በእስክሪብቶ አጠነጥናለሁ፣ የጅማ መንገድ አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል አለብሰዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቁጥራችንን ለዘመዱ ሰጥቷል። «የእሷ ማሽን ቃል አይጥልም» ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

እትዬ አስካለ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ናቸው። የሠርጌን ዶሮ ወጥ የሚሠሩትም እሳቸው ነበሩ። ሠርጌ እሑድ ሊሆን አርብ ከሰዓት ወደ ቤት ስገባ የማሽኑ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የደወሉት ወንድማቸው ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፣ ከወሊሶ። «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ አስካለ ዛሬውኑ ትምጣ» ይላሉ።

በስልክ «ትንሽ አሟታል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ማን ያጣዋል? ሞተዋል አልኩ። መርዶ ደግሞ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ እንጂ በማሽን አይነገርም። ለቅሶ ከአጥራችን ማዶ ከተቀመጠ ድንኳኔ ውስጥ ማን ይዘፍናል? ሰኞ ጠዋት ለሽማግሌ እነግራለሁ ብዬ ቃሉን ከካሴቱ አጠፋሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

በዚህ ቢያበቃ ልማድ አሳሳተኝ እል ነበር። ቅዳሜ ሁላችንም ደጅ ድንኳን ስናስተክል ተደውሎ ኖሮ፣ ስመለስ መብራቱ ደግሞ ብልጭ ይላል። ጓዳው በሳቅ ተሞልቷል፤ እትዬ አስካለ ሽንኩርት እያቁላሉ ዘፈን ያወጣሉ። በሩን ዘግቼ ድምፁን ቀንሼ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ከባድ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከኋላ ጋሽ ቶሎሳ «እማዬ፣ ተናገሪ፣ ትሰማሻለች» ይላሉ። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ መጣ፦ «አስኩዬ፣ ልጄ፣ ምነው ቀረሽ? ዓይንሽን ልየው እንጂ።»

በሕይወት ነበሩ! የወሊሶ አውቶቡስ በደጃችን ነው የሚያልፈው። በሩን ከፍቼ «እትዬ አስካለ፣ ይሂዱ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። የትናንቱን ለምን ደበቅሽኝ ቢሉኝስ? ወጡንስ ማን ይጨርሰዋል? ሰው እየሞተ እኔ ስለ ወጥ አሰብኩ! አጠፋሁት። ወጥቼም ከእትዬ አስካለ ጎን ሽንኩርት መላጥ ቀጠልኩ።

እሑድ ተዘፈነልኝ። ሰኞ መርዶው መጣ፤ እናታቸው ቅዳሜ ማታ አርፈው ተቀብረዋል። ጋሽ ቶሎሳ «ደውያለሁ፣ ደጋግሜ ደውያለሁ» ብለው ቢምሉ እትዬ አስካለ አላመኗቸውም። «ውሸታም! ይቺ ልጅ ማሽኑን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። ብትደውልማ ኖሮ ትነግረኝ ነበር» አሏቸው፣ እኔው ፊት። እኅትና ወንድም በዚያው ተቆራረጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን አፍኜ ያዝኩት፣ እትዬ አስካለም ሳይታረቁ ሞቱ።

የቀብራቸው ዕለት ጋሽ ቶሎሳን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለብቻቸው ቆመው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። «ልጄ፣ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ። ደውዬ አልነበር?» አሉኝ።

«አላስታውስም፣ ጋሼ» አልኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ለባል የደረስኩ ሴት ነበርኩ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ጋሽ ቶሎሳ፣ ደውለዋል። ሁለት ጊዜ ደውለዋል። እናትዎም ተናግረዋል፣ እኔ ሰምቻቸዋለሁ።